የአንትሮፖሎጂ ንዑስነት የማን ንዑስነት ነው?

«ለመሆኑ ይህ ትምህርት ምን እንጀራ ይጋግራል?»

ጥያቄው የተሰነዘረው በድሬዳዋ ከተማ በተደረገ አንድ የመምህራን ውይይት ላይ ነው። ዋና ትምህርቱ ሒሳብ፣ ምሕንድስና ወይም ጤና የሆነ ተማሪ አንትሮፖሎጂን በንዑስ ትምህርትነት ጨምሮ ቢይዝ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አንዲት ወጣት መምህርት አቅርባ ነበር። ጠያቂው የተማረ፣ በሥራውም የሚመሰገን ሰው ነው። ቤቱ ሳቀ፤ መምህርቷ ወረቀቷን አጠፈች፤ ሰብሳቢውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጥያቄው አይደለም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ያነሣሣኝ ሳቁ ነው፤ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩና።

አንትሮፖሎጂ፣ አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን ሥነ ሰብእ የሚሉት፣ የሰውን ልጅ አመጣጥ፣ አኗኗር፣ እምነትና ማኅበራዊ አደረጃጀት የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማስረዳት የሚያስፈልገው «ንዑስ» የሚለው ቃል ያመጣውን ጣጣ ነው። በቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሜጀር የሚባለውን ዋና ትምህርት ሲመርጥ ማይነር የሚባል ንዑስ ትምህርትም ይይዝ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። ያን ጊዜም ቢሆን ብዙዎቻችን ንዑሱን የመረጥነው ነጥብ ይለግሳል የተባለውን መምህር ስም ሰምተን እንጂ የትምህርቱን ይዘት መርምረን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተደጋግሞ ተለዋውጧል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሶሻል አንትሮፖሎጂ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ውስጥ ገብቷል። ስለ ዝምድናና ጋብቻ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ባህላዊ ዳኝነት፣ ስለ አገር በቀል ዕውቀት፣ በዕደ ጥበብ ሥራቸው ምክንያት ስለሚገለሉ ወገኖችም ምዕራፎች ተዘጋጅተውለታል። ይህ የማይናቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በአንድ መንፈቀ ዓመት ትርጓሜው ተሸምድዶ በፈተናው ማግስት የሚረሳ ኮርስ ንዑስ ትምህርት አይባልም፤ የዕውቀት ክትባት ቢባል ይቀላል፤ ተማሪው አንድ ጊዜ ይወጋና ዳግመኛ እንዳይዘው ሆኖ ይወጣል።

በመሠረቱ አንትሮፖሎጂን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ ሰዎች በአገራችን ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶች ሆነው ቢቀሩም እኔን እምብዛም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ዳኛው፣ መምህሩ፣ ካድሬውና የመድረኩ ሰው ሕዝቡን ሳያውቁት በሕዝቡ መካከል መሰማራታቸው ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት በዋናነት ከሚይዙት ይልቅ በንዑስነት ለሚይዙት ያስፈልጋል የሚል ክርክር ይዤ ተነሥቻለሁ። ማስረጃ ፍለጋም ሩቅ አልሄድም፤ ከድሬዳዋ አልወጣም።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላዳገተው ከግርጌው አርፎ በ1895 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ቆረቆረ። በደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ሁለት ከተማ ተሠራ፦ ጎዳናው በማስመሪያ የተሠመረው፣ ዛፍ የተተከለለት የባቡር ሠራተኛው ከዚራ በአንድ በኩል፣ ጠማማ መንገዱና ገበያው የማይለየው መጋላ በሌላው በኩል። «መጋላ» የሚለውን ቃል ሶማሌው፣ ኦሮሞውና ሐረሪው ሦስቱም የእኔ ነው ይላሉ፤ ለአንዱ ከተማ፣ ለሌላው ገበያ ነው፤ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ከከተማው ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ከተቆፈረበት ጊዜ አንሥቶ ብዙ ተመራማሪዎች ተመላልሰውበታል። ከዚያ ዋሻ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይ የቀለም አፈርና የመፍጫ ድንጋዮች ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸውም 40 ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታል። በለጋ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከብትና ሰው ተሥሎ ይገኛል። ከከዚራ ተነሥቶ በጠዋት በእግሩ ሄዶ ቀለም ይፈጭበት የነበረውን ዋሻ አይቶ ለምሳ መመለስ የሚችል የሥነ ጥበብ ተማሪ በዓለም ላይ ስንት ይሆን? ከእኛ ተማሪዎችስ ስንቱ ሄዷል? ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ለተማሪዎቼ አቅርቤ የተነሣልኝን እጅ ቆጥሬአለሁ፤ ቁጥሩን ባልጽፈው ይሻላል።

ስለ ሕያዋኑ እንናገር። በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት ጉርጉራ የዘር ሐረጋቸውን ከሶማሌው ዲር ይቆጥራሉ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ቆጥሯል። ቁጥር አስፈላጊ ነው፤ ያለ ቁጥር ትምህርት ቤትም የውሃ ጉድጓድም አይታቀድም። ይሁንና ቅጽ የያዘው ወጣት ጉርጉራው ደጃፍ ደርሶ «ብሔረሰብህ?» ሲል የአንድ ቃል መልስ ይጠብቃል፤ ሰውየው የሚያውቀው ግን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ነው። ኖርዌያዊው ፍሬድሪክ ባርት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት የጥናት ስብስብ ውስጥ ይህንኑ ነገር፣ ማለትም ሕዝቦች ወሰናቸውን እየተሻገሩ፣ እየተጋቡና እየተገበያዩም ወሰኑን ራሱን እንዴት ጠብቀው እንደሚያኖሩት አመልክተዋል። በዚያው መጽሐፍ ስለ አርሲ ኦሮሞ የተጻፈ ምዕራፍ አለ። ይህን ትምህርት የቀመሰ ቆጣሪ ቅጹን ያው ይሞላል፤ ነገር ግን የሞላውን ቃል ከሰውየው ጋር አያምታታውም። በዚህ ምስቅልቅል ምክንያት በአገራችን የፈሰሰውን ደም ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብረት ቀጥቃጩን ሶማሌው «ቱማል»፣ ኦሮሞው «ቱምቱ» ይለዋል፤ ሁለቱም ቃላት ከመቀጥቀጥ የወጡ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ቀጥቃጩ ማረሻውንና ጦሩን ይሠራል፤ በሁለቱም ዘንድ የሚዳርለት ጠፍቶ ኖሯል። ደጋው አገርም «ቡዳ» እያለ ከዚህ የተሻለ አላደረገም። ስለ ልዩነታችን ሌት ተቀን የምንከራከር ሰዎች በንቀታችን ይህን ያህል አንድ መሆናችንን ማን ይነግረን ነበር?

አሁን ወደ እንጀራው ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ጠያቂው መሐንዲስ ነበርና በእሱ ሚዛን ልመዝን። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን አልጋ ላይ ጣላት። የቺኩንጉንያው ዘመን አካሉን ያልቆረጠመው ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ እኔ ራሴ ለሁለት ሳምንት ጠመኔ መያዝ አቅቶኛል። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ፣ በየቤታችን በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉ ለምን ኖረ ቢባል፣ ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ ነው። «ውሃ አታጠራቅሙ» የሚል ማስታወቂያ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ምን ማለት እንደሆነ የጻፈው ባለሙያ አስቦበታልን? በርሜሉን የሚሞላው ማን ነው? ክዳኑን በቀን ስንት ጊዜ፣ ማን ይከፍተዋል? ለምግቡ፣ ለልብሱና ለውዱእ የሚቀዳው ከአንድ ዕቃ ነው ወይስ ከተለያየ? የቤቷ እመቤት በርሜሏን ለጤና ሠራተኛ ከፍታ ለማሳየት የምትፈቅደው ለየትኛው ጠያቂ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በነፍሳት ትምህርትም በውሃ ምሕንድስናም ፈተና ላይ አይወጡም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ሲፈጅ፣ የሕክምና ቡድኖቹ ሟቹን በፕላስቲክ ጠቅልለው በወሰዱ ቁጥር ሕዝቡ ሬሳውን ይደብቅ ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው የአካባቢውን የቀብር ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ገብተው፣ ቤተሰቡ ከርቀት የሚጸልይበትና ሟቹ በክብር የሚሸኝበት መንገድ ከታበጀ በኋላ ነው። በዚያም አገር «አንትሮፖሎጂ ምን እንጀራ ይጋግራል?» ብለው የሳቁ እንደነበሩ አልጠራጠርም።

ደቻቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ያ በበጋ መንገዳችን፣ ገበያችንና የልጆቻችን ኳስ ሜዳ የሆነ አሸዋ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሕይወት ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ መሠራቱም ትክክል ነበር። ሰው ግን ከወንዝ ዳር የሚኖረው ውሃ መኖሩን ስለማያውቅ አይደለም። ገበያው፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ብድር የምትሰጠው ጎረቤት እዚያ ስላሉ ነው። ግንቡን በሜትር የለካ መሐንዲስ እነዚህን ደግሞ በምን እንደሚለካ ሊማር ይገባው ነበር፤ ለዚህም ሙሉ ዲግሪ አያስፈልገውም።

በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ላይ ይበልጥ የሚከብደው ግን የመድረኩ ነገር ነው። የባህል ትርዒት በተባለ ቁጥር ምን እንደምናይ እናውቃለን። ለኦሮሞው አንድ ጭፈራ፣ ለሶማሌው አንድ ጭፈራ፣ ለሐረሪው አንድ ቀለም ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድነት ወጥተው እጅ ይነሣሉ። ሸጎዬን እንውሰድ። ሸጎዬ በሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች ዘንድ ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ቆመው በግጥም የሚጠያየቁበት፣ የሚነካኩበት፣ የሚመላለሱበት የሌሊት ጨዋታ ነው። ቃሉ የተዘጋጀ አይደለም፤ የሚመጣው ከፊት ለፊት ከቆመው ሰው ነው። እኛ መድረክ ላይ ስናወጣው መጀመሪያ የምናደርገው ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ማዞር ነው። በዚህች አንዲት እርምጃ ጨዋታው አለቀ፤ የቀረው እንቅስቃሴው ነው። ግጥሙን ቢሮ ውስጥ የተጻፈ መልእክት ተካው፤ ተጫዋቾቹም እርስ በርሳቸው የሚሉት ነገር የሌላቸው የልብስ መስቀያዎች ሆኑ። አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም። ጭፈራው ለማን እንደሚጨፈር የሚል ጥያቄ በትምህርቱ ዘመን ስላልቀረበለት ነው። በየአዳራሹ ሲጨበጨብ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ የእንዲህ ያለ ዝግጅት አስተባባሪ ነበርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚችው በድሬዳዋ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን አባላት አንትሮፖሎጂ አልተማሩም፤ ይሁን እንጂ በኦሮምኛ መዝፈን በማይፈለግበት ዘመን በየሠርግ ቤቱ እየዘፈኑ፣ ታግደውም ሳይቀሩ፣ ማንም ምሁር ያልሠራውን ሠርተዋል። ከእነሱ የወጣው ዓሊ ቢራ በኦሮምኛም በሐረሪም በሶማሊኛም በአማርኛም ዘፍኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሞት የሸኘው የአንድ ቋንቋ ሕዝብ አልነበረም። እውነት ነው፤ መጋላ አሳድጓቸው ነበርና ኮርስ አላስፈለጋቸውም። ነገር ግን ዛሬ የባህል ባለሙያ አድርገን የምንመድበው ወጣት ከተመደበበት አላደገም። ጎንደር ተወልዶ ሽንሌ ይመደባል፤ ጅግጅጋ ተወልዶ ወላይታ ይሄዳል። ሠርግ ቤት ያላስተማረውን ኮሌጅ ካላስተማረው ከየት ያገኘዋል?

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አንትሮፖሎጂ የቅኝ ገዢ ሳይንስ ነው» የሚለው፣ ከእንጀራው ይልቅ ይከብደኛል፤ ግማሹ እውነት ነውና። ኦስትሪያዊው ፓውሊችኬ እ.ኤ.አ. በ1885 ሐረር ደርሶ የሶማሌውን፣ የኦሮሞውንና የአፋሩን አኗኗር ሲመዘግብ የአውሮፓ መንግሥታት የአፍሪካን ቀንድ ካርታ እየተከፋፈሉ ነበር። ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ የሕዝቦቻችንን ልዩነት አጥንቶ የአገዛዝ መሣሪያ አድርጎታል፤ የዘር መለያየት ሕጉንም በሳይንስ ስም ደንግጓል። ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? ባላንጣችን እኛን ያጠናበትን መሣሪያ እኛ እንዳንነካው ነውን? ጆሞ ኬንያታ ለንደን ሄዶ ከማሊኖውስኪ ዘንድ አንትሮፖሎጂ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ኪኩዩ ሕዝብ ያሳተመው መጽሐፍም መሬታቸውን የነጠቀውን አገዛዝ በገዛ ሳይንሱ የሞገተ ነበር። በዚያው መጽሐፍ የሴት ልጅ ግርዛትን መከላከሉ ግን ሊሰወር አይገባም። አንድን ልማድ መረዳት ማጽደቅ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ኬንያታ ስቶታል፣ የእኛም አንዳንድ «የባህል ተቆርቋሪዎች» ዛሬ ድረስ ይስቱታል። በተቃራኒው ደግሞ ሳይረዱ መኮነን አለ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተሰማሩት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን መካከል ብዙዎቹ ፊደል አስተምረዋል፤ ደክመዋል፤ ታመዋል። የሕዝቡን ሥርዓት «ኋላ ቀር» ብለው ፊት ለፊት የገጠሙም ነበሩ። ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ስለ ማሌ ሕዝብ የሚናገረው መጽሐፍ ይህን ግጭት ያስነብባል። ከዘማቾቹ ያነሰው ቅን ልቡና አልነበረም።

ነገሩን ባዕድ ለሚሉትም አንድ የቆየ ምሳሌ አለ። አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ሲጽፉ ወዳጅ ሆነው አልነበረም፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ዛሬ የማንቀበለው ቃል ሞልቷል። ሆኖም የገዳውን ትውልድ በየተራ ቆጠሩ፣ ስሙን መዘገቡ፤ ከዚያም እንዴት አሸነፉን ብለው ጠየቁና መልሱን የፈለጉት በራሳቸው ኅብረተሰብ ውስጥ ነበር። የገዛ አገራቸውን ሕዝብ ዐሥር ክፍል አድርገው ከዐሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን ጻፉ። ሌላውን ሊመረምር የተነሣ ሰው ዞሮ ራሱን ሲያይ ይህ ነው፤ ከማሊኖውስኪም ከኦክስፎርድም ሦስት መቶ ዓመት አስቀድሞ።

እስካሁን ሌሎችን ነቀፍኩ፤ የራሳችንን ወገን ማለፍ ግን አድልዎ ይሆናል። አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ፈቃዱ ገዳሙ ስለ ጉራጌ የልማት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት፣ ኮንና ዋልድሮን ስለ ሐረሪዎች አፎቻ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ሥራ፣ ሁሉም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ጅቡቲያዊው ዓሊ ሙሳ ኢዬ የኢሳ ሶማሌን ያልተጻፈ ሕግ፣ ኸር ኢሳን፣ ለዓለም ያስተዋወቁበት መጽሐፍ ፈረንሳይኛ ነው። ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር እኛ ደስ አለን፤ በጉዲው ሸንጎ የሚቀመጡት 44 ሽማግሌዎች ግን ስለ እነሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። በዛሬው ዘመን በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራው የመመረቂያ ጥናትም ከዚህ አይለይም። ተማሪው አዛውንቱን ሦስት ቀን ያስወራቸዋል፤ ቡናቸውን ይጠጣል፤ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ነጥቡን ያገኛል፤ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አዛውንቱም የተናገሩት የት እንደደረሰ ሳያውቁ ይሞታሉ። ቅኝ ገዢውን የምንከስበት ጥፋት በደጃችን ሲፈጸም ይህን ያህል ዝም ማለታችን ያሳፍራል።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ግን መዘንጋት የለበትም። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. ከ1953 አንሥቶ መጽሔት ያወጡ ነበር። የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል አልነበራቸውም። የተለያየ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ የጋብቻውን፣ የለቅሶውንና የበዓሉን ሥርዓት ከአባትና ከእናታቸው ጠይቀው እየጻፉ ይመለሱ ነበር። በአገራችን ይህ ትምህርት በኮሌጅ ግቢ ሥር የሰደደው እንዲህ በንዑስነት፣ ያውም ያለ ነጥብ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች ኮሌጆች ጤና፣ ምሕንድስና፣ ሕግ፣ መምህርነትና ኪነ ጥበብ የሚያጠና ተማሪ ከፈለገ አራት ወይም አምስት የአንትሮፖሎጂ ኮርሶች በንዑስነት እንዲይዝ ይፈቀድለት። ከእነዚህ አንዱ የመስክ ሥራ ይሁን፤ ቦታውም ቀፊራ ገበያ፣ ታይዋን፣ ገንደ ቆሬ ወይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኞች የሚሰበሰቡበት ቤት ይሁን። ጽሑፉ በተነጋሪው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ ይጻፍ። ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ለተናገሩት ሰዎች ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ «እንዲህ አላልንም» ካሉ ተማሪው ያርመው። አንድ ቅጂ በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ወጪው የወረቀትና የታክሲ ነው።

ይህን የመጨረሻውን እኔ አላሰብኩትም። ወጣቷ መምህርት በዚያ ውይይት ላይ ልታነበው አዘጋጅታ በሳቃችን ምክንያት ካጠፈችው ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት የወሰድኩት ነው። በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ቅጂውን ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው ውስጥ እንዲገባ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ከገባም የምታነበው እሷ ናት።